ለሰብለ የተቀቀለው አጥንት

ባለፈው ሳምንት ግሌንዴል በምሠራበት ቢሮ አንዷ ባልደረባዬ ስሎው ኩከሯን፣ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን ድስት፣ ይዛ መጣች። ከበዓል የተረፈ የአሳማ አጥንት፣ ነጭ ባቄላ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨምራ ጠዋት ሰክታው ኖሮ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ኮሪደሩን በሙሉ ሽታው ሞላው። ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ተሰለፈ። ጨዋ ሴት ናት፤ ለእኔም ቀድታ ጠረጴዛዬ ድረስ አመጣችልኝ። አመሰገንኳትና ተነስቼ ወጣሁ። ሁሉም በልቶ እስኪጨርስ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆየሁ።

ሰው በሾርባ ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ። ያ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር እትዬ በለጡ ከነነጠላቸው ፊቴ ይቆማሉ፣ ሦስተኛ ሳህናቸውን ይዘው። ሦስተኛ ነው ያልኩት፤ ልብ ይባልልኝ።

ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት እኔና እናቴ እንኖራለን። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ይጠብቃል። እናቴ ገነት ፓሳዴና ሄዳ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት ትንከባከባለች። ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው፤ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ነው መንገዱ። እኔ ብቻዬን እነሳለሁ፣ ብቻዬን ቁርሴን እበላለሁ፣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

በሐበሻው መካከል የሚወራ አንድ ወሬ ነበር። ልጁን ቤት ብቻውን ትቶ የሚሄድ ወላጅ፣ ልጁን መንግሥት ይወስድበታል ይባላል። የማን ልጅ ተወሰደ ሲባል ስም የሚጠራ የለም፣ ግን ሁሉም ይምላል። እናቴ ይህን ወሬ ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትስመኝ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር። “ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ። ብቻሽን ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ ካለ ዝም በዪ።”

ዝም በዪ ነው ያለችው፤ ዋሺ አላለችኝም። እናቴ ውሸት አትችልበትም። ስልክ ሲደወል “የለችም በዪ” የሚባልበት ቤት አላደግኩም። አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ አለቃዋ ደውላ “አሞሽ ነው?” ብትላት፣ “አይ፣ ደክሞኝ ነው” ብላ የቀን ደመወዟን አስቆርጣለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ስሎው ኩከሩን የሰጧት ሚስ ዶሮቲ ናቸው። ቡናማ፣ ክብ፣ ክዳኑ መስታወት፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ። እናቴ የወደደችው እሳት ስለሌለው ነው። ጋዙን እንዳልነካ በማርያም አስምላኛለች፤ ስሎው ኩከሩ ግን የእኔ ሥራ ሆነ። ማታ ካሮቱን ልጣ፣ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ አጥንቱን አጥባ ፍሪጅ ታስገባለች። ራሷ ስትወጣ ከጣደችው እስክትመለስ አትክልቱ ሁሉ ይሟሟል። ስለዚህ ጠዋት እኔ ሁሉንም ገልብጬ፣ ውሃ እስከ ምልክቱ ሞልቼ፣ ማዞሪያውን “ሎው”፣ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ክዳኑን እንዳላነሳ ስለተነገረኝ ድስቱ ሰው ካየው የሚያፍር ይመስለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬም ያሳዝነኝ ነበር፤ እኔ ተምሬ እስክመለስ እሱ ብቻውን ቤት ቀርቶ ይሠራል።

ሾርባው ለሰብለ ነበር። ሰብለ የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት። ሳታገባ በፊት እኛ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነበር የምትተኛው። ዳዊትን አግብታ ሁለት መንገድ አልፋ ከገባች በኋላም፣ ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያለች ፀጉሬን ትሠራኝ፣ ቁርሴን መብላቴን ታይ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟ ሜላት። ክርስትና እናቷ ደግሞ የእኔ እናት እንድትሆን ሕፃኗ ገና ሆድ ውስጥ ሳለች ቃል ተገባ።

“የእኔ ክርስትና ልጅ ከሆነች ላንቺ ምንሽ ናት?” ብላ እናቴ ጠየቀችኝ።

“እህቴ?”

“እህትሽ ናታ!”

እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ወንድም ወይም እህት የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህሯ የቤተሰባችሁን ሥዕል ሣሉ ስትል ሜላትን በእናቴና በእኔ መካከል ሣልኳት፤ ከእኔ እኩል አድርጌ፣ ፀጉሯንም አርዝሜ። ሰማንያ ቀኗን የምቆጥርበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ነበር። ቀኑ ሲሞላና ስትጠመቅ የእኔ ትሆናለች። ልጅነቴን በሙሉ እንደዚያ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

የሰብለ እናት እትዬ በለጡ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። በመጡ በሦስተኛው ቀን የቤቱ ዕቃ ሁሉ ቦታ ተቀይሮ ነበር። ዳዊት ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ቀረ። እትዬ በለጡ የአሜሪካንን ምግብ አያምኑም። ዶሮው ተነፍቶ ነው፣ ወተቱ ውሃ ነው፣ ሥጋውን ማን እንደባረከው አይታወቅም። ወደዚያ ቤት የሚገባ ምግብ ሁሉ በአፍንጫቸው ሥር ነበር የሚያልፈው። ያለ ፍተሻ የሚገባው የእናቴ ሾርባ ብቻ ነበር። “የገነት እጅ የተባረከ ነው” ይሉ ነበር፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ዝናብ ሲዘንብ እናቴ ከፓሳዴና በፎይል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፋ ገባች። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል። ሚስ ዶሮቲ ከገና ግብዣቸው የተረፈውን የአሳማ አጥንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠውላት ኖሯል። የገዛ ልጃቸው ለውሻዬ ስጪኝ ብትላቸው እንኳ ከልክለዋል። “ለሾርባ እንዲህ ያለ አጥንት የለም። ስሎው ኩከሩ ውስጥ ስምንት ሰዓት ተዪው። ለዚያች ለወለደችው ጓደኛሽም ጉልበት ይሆናታል” ብለው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሰጧት። እናቴ ምን ትበል? አሮጊት ሴት ወር ሙሉ አስባ ያስቀመጠችልሽን ነገር አልበላም ብለሽ ትመልሻለሽ? ሌላው ሕዝብ “ኖ፣ ታንክ ዩ” ብሎ ይገላገላል። እኛን ይሉኝታ ገደለን።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት እናቴ ጥቅሉን ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ወደ ጥግ ስትገፋው ብቻ ነው።

“ይሄን እንዳትነኪ” አለችኝ። “የታች ቤቷ የሴኞራ ሉፔ ነው። እሁድ ቤት ስትኖር እሰጣታለሁ።”

ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። የአሳማን ስም በአፏ ማንሳት እንኳ ይቀፋታል፤ ቤቷ እንዳደረ እኔም እንዳውቅ አልፈለገችም። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በዚህ በዚህ እናቴንም አልምራትም።

ሐሙስ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለሰብለ የተገዛው የበሬ አጥንት በሳህን ተቀምጧል። ትንሽ፣ ነጭ፣ ሥጋው ተልጦ ያለቀ። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ፎይል ገለጥ አደረግኩ። ትልቅ፣ ሮዝ፣ ዙሪያውን ሥጋ የተሸከመ። ተናደድኩ። አዎ፣ ገና ያኔ ነው መናደድ የጀመርኩት። ለጎረቤት ትልቁ፣ ለእህቴ እናት ትንሹ! ሰብለ አራስ ናት፤ ሴኞራ ሉፔ ምን ሆነች? እናቴ ሰው እንዳይቀየማት ስትል ለሩቁ ሰው አብዝታ ለቅርቡ የምታሳንስ መሰለኝ። ያደረገችው ልክ አይደለም ብዬ ፈረድኩና እኔው አስተካከልኩት። ትልቁን አጥንት በሁለት እጄ ተሸክሜ ድስቱ ውስጥ አስቀመጥኩ። የበሬው ለሴኞራ ሉፔ ይበቃታል።

አንድ ማንኪያ ጨው እንድጨምር ተነግሮኝ ነበር፤ ረሳሁት። ሾርባውን ያሳመረውም ይኸው መርሳቴ ነው። በጨው ታሽቶ በጭስ የደረቀ ስለነበር አጥንቱ ራሱ ጨው ነበር።

እናቴ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ገባች። ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ድስቱን ከነክዳኑ በፎጣ ጠቅልላ፣ ልብስ ማጠቢያ የምንወስድበት ጋሪ ላይ አስቀመጠችው፤ በአንድ ጃንጥላ ሆነን እየገፋን ሄድን። አልከፈተችውም። የሚሸታትም ነገር አልነበረም።

እትዬ በለጡ ክዳኑን ሲያነሱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። “ዛሬ ምን ጨመርሽበት ልጄ? ቋንጣ ቋንጣ ይላል!”

“እንደ ወትሮው ነው እትዬ።”

“ተይ እንጂ! እኔ አፌን አላውቀውም? ዛሬስ ራስሽን በልጠሻል።”

ለሰብለ ቀዱላት። ሰብለ ላብ ግንባሯን እስኪያጠምቃት ጠጣች። ለዳዊት ቀዱለት፣ ለእኔ ቀዱልኝ። ለራሳቸው ቀዱ። ጨረሱና ደገሙ። ደገሙና ሠለሱ። ከዚያ አጥንቱን አውጥተው ሳህን ላይ አደረጉትና ሥጋውን በጣታቸው እየፈለቀቁ፣ በጥርሳቸው እየጋጡ፣ መቅኒው ድረስ ወረዱ። እናቴ አንዲት ማንኪያ ቀምሳ ጣዕሙ አልሰማ ስላላት ሳህኗን አስቀምጣ ሜላትን አቀፈች። እኔ ትልቁን አጥንት የመረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ልናገር ቋምጬ ነበር፤ ደስታዬን ለቤት አቆየሁት።

“እንዲህ ያለች ክርስትና እናት ያላት ልጅ” አሉ እትዬ በለጡ ጣታቸውን እየላሱ፣ “እድሜ ልኳን አትራብም።”

ቤት ስንመለስ እናቴ ለነገ ምሳዬን ልትቋጥር ፍሪጁን ከፈተች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የበሬው አጥንት ከነሳህኑ ተቀምጧል። ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ታች አየች።

“ሊያ። ታች የነበረው የት ሄደ?”

“ትልቁ አይደል? ለሰብለ አደረግኩት!” አልኳት። እስክታቅፈኝ ጠበቅኩ።

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ከነጫማዋ። ፍሪጁ ተከፍቶ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነበር። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። “የአሳማ እኮ ነው ልጄ” አለች በቀስታ። የትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ውስጥ የማላነሳው ሮዝ ሥጋ ትዝ አለኝ፤ ያ በስስ የተቆረጠ፣ ይህ ደግሞ ከአጥንቱ ጋር፣ አንድ ነገር መሆናቸውን ማን ነግሮኝ ያውቃል? አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጋልኝ፣ “አንቺ አላጠፋሽም” አለችኝ፣ ደጋግማ።

አሁን እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድ። እናቴ ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። አጥንቱ ተግጦ ተጥሏል፣ ሾርባው አልቋል፣ ጣት ተልሷል። ይህን ጊዜ እትዬ በለጡ አዲስ አበባ ተቀምጠው ስለዚያ ሾርባ ለጎረቤት ያወሩ ነበር። እናቴ ግን ልጅ ይዘው ሊያስጠምቁ የሚሄዱ ሰዎች ሳያውቁ አይሂዱ አለች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ እጄን ይዛ ሄደች። መንገድ ላይ፣ “እኔ ስናገር አንቺ አፍሽን አትከፍቺም” አለችኝ።

ሁሉም ሳሎን ነበሩ። ሰብለ ጡት እያጠባች ነው። እናቴ አልተቀመጠችም።

“እትዬ፣ ትናንት የበላችሁት ሾርባ አጥንቱ የአሳማ ነበር። በስህተት ነው የገባው። ከእኔ ቤት የወጣ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።”

“እኔ ጨመርኩት” አላለችም። ቃላቷን መርጣ፣ ከእውነት ሳትወጣ፣ እኔን ከኋላዋ ደብቃ ነው የተናገረችው።

እትዬ በለጡ መጀመሪያ ነጠላቸው ላይ ተፉ። ከዚያ ደረታቸውን መቱ። “ውይ! ውይ! አራስ ልጄን! ይህን ጡት የጠባች ሕፃን እንዴት አድርጋ ነው የምትጠመቀው?”

“ባለማወቅ ነው እትዬ።”

“ባለማወቅ? አጥንቱን ሳታዪ ነው ድስት የምትጥጂው? በየትኛው ዓይንሽ ነው ያየሽው?”

መልሱ እናቴ አጠገብ ቆሞ ነበር። “እኔ…” ብዬ አፌን ስከፍት ክንዴን ከኋላ ቆነጠጠችኝ፤ የጣቷ ምልክት ሳምንት ቆይቷል።

“አውቀሽ ነው!” አሉ እትዬ በለጡ። “ነጭ ቤት እየዋልሽ ነጭ ሆነሻል። እኛንም ልታደርጊን ነው!”

“እማዬ፣ ተዪ…” አለች ሰብለ። ይህችን ብቻ ተናግራ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። እናቴ ገና ሳይነጋ ከቤት እንደምትወጣ፣ ድስቱን የምጥደው እኔ እንደሆንኩ ከዓለም ላይ የምታውቅ ሰው ሰብለ ብቻ ነበረች።

እሁድ ዳዊት ደወለ። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ስለነበር ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ አስቀመጠችው። “ገኒ፣ እኔ እኮ ኦኬ ነኝ። የንስሐ አባታችንም መጥተው ነበር፤ ባለማወቅ የሆነ ነው፣ ስገዱ፣ ጸልዩ፣ ሕፃኗ ምንም የለባትም ብለው ሄዱ። ግን ሶ… ማዘርን ታውቂያቸዋለሽ። ክርስትናውን ሌላ ሰው አሬንጅ አድርገናል።” ቄሱ በአንድ ከሰዓት የፈቱትን እትዬ በለጡ አሥረው ያዙት ማለት ነው። ከቄሱ የበለጠ ቄስ ሆኑ። ሌላዋ ክርስትና እናት ደግሞ ለሰብለ አንድ ቀን ጭልፋ ሾርባ ይዛ ያልመጣች፣ የዳዊት ጓደኛ ሚስት ናት። ያን ማታ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ማንም ሳያየኝ ላጥኩት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በእነ ሰብለ ሕንፃ ጓሮ አለፍኩ። የቆሻሻ መጣያው አፉ ሞልቶ፣ ከላይ ያን ቀን የበላንባቸው አረንጓዴ አበባ ያላቸው ሳህኖች ተቆልለዋል። ማንኪያዎቹም አሉ። ውሃ የጠጣሁበት ብርጭቆ ሳይቀር ተጥሏል። እኔ ቆሻሻ የሆንኩ መሰለኝ፤ እጄን አሸተትኩት። የአሥር ዓመት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ የገዛ እጇን እንድታሸት ያደረገን ሰው እንዴት አድርጌ “ትልቅ ሰው ናቸው” ብዬ ልለፈው?

ወሬው ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች አዳረሰ። በርበሬ ልንገዛ በገባንበት ሱቅ አንዷ፣ “እውነት ነው እንዴ ገነት?” አለቻት። “እውነት ነው” አለች እናቴ። ለጠየቃት ሁሉ “እውነት ነው” ትላለች። የማርያም ማኅበር የእኛ ተራ ሲደርስ “ያንቺ ቤት ጠበብ ይላል” ተብሎ ታለፈ። ዓመት ሙሉ ሰፍቶ የነበረ ቤት በአንድ አጥንት ጠበበ።

ሚስ ዶሮቲ ደግሞ እንደ ልጅ ጓጉተው ይጠይቋታል፤ ሾርባው እንዴት ነበር? ጓደኛሽ ወደደችው? እናቴ ለእሳቸውም አልዋሸችም። “ምንም ሳያስተርፉ ጨረሱት” አለቻቸው።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት እናቴ ለሜላት ነጭ የዳንቴል ቀሚስና ማተብ ገዝታ ነበር። “ቃል የገባሁት ነው፣ ሰጥቼ እመለሳለሁ” አለች። እኔንም አለባብሳ ወሰደችኝ። ስንደርስ ጥምቀቱ አልቆ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሜላትን የያዘቻት ያቺ ሌላዋ ሴት ናት፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሴትዮዋ እንዴት እንደምትያዝ እንኳ አታውቅም፣ አንገቷን አልደገፈቻትም። እኔ አውቅ ነበር።

እናቴ ከረጢቱን ለሰብለ ዘረጋች። “እንኳን ደስ አላችሁ። ለሜላት ነው።”

ሰብለ እጇን ስትዘረጋ እትዬ በለጡ መሃል ገቡ። “ያንቺ እጅ የነካው ልብስ ገላዋን አይነካም። መልሰሽ ውሰጂው።”

እናቴ ከረጢቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰው ሁሉ ያያታል። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም።

“እኔ ነኝ!” ብዬ ጮኽኩ። “እኔ ነኝ የጨመርኩት! እማዬ ሥራ ሄዳ ነበር። ትልቁ አጥንት ለሰብለ ይሁን ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት!”

አሁን ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለኝ። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ ይባላል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እናቴን አቅፈው ይቅርታ ይጠይቋታል፣ ሜላትም ትሰጠናለች። ለምን ይህን ቀድሜ እንዳላደረግኩ ራሴን ረገምኩ።

ሜላትን የያዘችው ሴት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። “ሥራ ሄዳ? ታዲያ ማን ነበር ካንቺ ጋር?”

ዝም አልኩ።

“ብቻሽን? በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን ድስት ትጥጃለሽ?” ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ደይኬር፣ ሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ሎው ነው፣ ሕግ።”

እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። የእጇ ክብደት አሁንም ይሰማኛል።

“ልጄ ዋሽታ ነው” አለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። “እኔ ነኝ በእጄ የጨመርኩት። እሷ ተኝታ ነበር። ለእኔ ብላ ነው።”

“አያችሁ!” አሉ እትዬ በለጡ ሕዝቡን በእጃቸው እየጠሩ። “አያችሁ፣ ልጇንም ውሸት አስተማረቻት! በቤተ ክርስቲያን ደጅ! በእጅሽ ነው የጨመርሽው?”

“አዎ እትዬ።”

“እያየሽ?”

“እያየሁ።”

ሰብለን አየኋት። ሰብለ ታውቅ ነበር። ፀጉሬን ትሠራኝ በነበረባቸው ጠዋቶች እናቴ ቤት ኖራ አታውቅም። አንድ ጊዜ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። እኛን ልታድን ብላ ዝም ትበል ወይም እናቷን ፈርታ፣ እስከ ዛሬ መወሰን አቅቶኛል።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ እያለቀስኩ እጄን ከእጇ ነጠቅኩ። “እኔ አልዋሸሁም!”

“አውቃለሁ።”

“ሁሉም ሰው ውሸታም ነች አለኝ! ለምን እንዲህ አልሽ?”

እናቴ ጎንበስ ብላ የሹራቤን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። አላለቀሰችም።

“ሜላትን ማቀፍ ይቅርብኝ” አለች። “አንቺን ማቀፍ ግን አይቅርብኝ።”

ይህን ስሰማ ልቅሶዬን አቆምኩ። ንዴቱ ግን አላቆመም።